ለአራስ እናት የሚሰጠው የምግብ እርዳታ እንዴት ነው? ጮቄ ስር ያየሁትን ልንገራችሁ

ለሚቸኩል ሰው ባጭሩ፦ ዱቄቱ ጥሩ ነው፣ ሰዎቹ ከዱቄቱም ይበልጣሉ፣ አሰራሩ ግን እናትን ብቻዋን ጎጆ ቀልሳ የምትኖር አድርጎ ነው የሚያስባት፣ እና እዛ ላይ ነው የሚወድቀው። ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቻለሁ። ቤት ለቤት የምትዞረዋ የጤና ኤክስቴንሽን ለብቻዋ ትመዘን ብባል ግን 5 ሰጥቼ ምራቂም እጨምርላት ነበር።

ታናሽ እህቴ ያገባችው ከጮቄ ተራራ ስር ካሉት ደጋ ቀበሌዎች አንዱ ውስጥ ነው። ቀበሌውንም ጤና ጣቢያውንም አልጠራም፣ እዛ ያሉት ልጆች በኔ ጽሁፍ ምክንያት ከወረዳ ስልክ እንዲደወልባቸው አልፈልግም። ባለፈው ክረምት ነሐሴ ላይ ወለደች፣ እኔ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፣ እየተመላለስኩ አራስ የጠየቅኩትም ያረስኳትም እኔ ነኝ ማለት ይቻላል።

አሁን አዲስ አበባ ያላችሁ ጓደኞቼ "ጎጃም ደግሞ ምን ጎድሎ ነው አራስ የሚራበው፣ ጤፉ ማሩ ቅቤው" ትላላችሁ አውቃለሁ። አይ ሞኞ! ጤፍ ያለው ቢቸና ደጀን በኩል ነው፣ በቆሎው ቡሬና ደምበጫ ነው፣ ጮቄ ስር ሲደርስ ገብስ፣ ድንችና እንግዶ ነው ያለው፣ መሬቱ ተዳፋት ነው፣ አፈሩ አሲዳማ ሆኖ ኖራ ካልተበተነበት ማዳበሪያውንም ይበላዋል ምርቱንም አይሰጥም። ነሐሴ ላይ ደግሞ ጎተራው ባዶ ነው፣ የማዳበሪያ እዳ ለመክፈል በጎቹ ሰኔ ላይ ተሸጠዋል፣ ድንቹ ገና ከመሬት አልወጣም። እና ሴትዮዋ የምትወልደው ከዓመቱ ሁሉ ቤቱ ይበልጥ ባዶ በሚሆንበት ወር ላይ ነው። በ2008 በተደረገው የስነ ህዝብና ጤና ጥናት አማራ ክልል ውስጥ ከ5 ዓመት በታች ካሉ 100 ህጻናት 46ቱ የቀነጨሩ ነበሩ፣ የሀገሪቱ ደግሞ 38። ክልሉ ትርፍ አምራች እየተባለ ማለት ነው። መንግስትም የሰቆጣ ቃልኪዳን ብሎ ሐምሌ 2007 ላይ በ2022 መቀንጨርን ዜሮ አደርሳለሁ ያለው ይሄን አይቶ ነው።

ይሄ "ትርፍ አምራች" የሚባል ነገር ለእህቴ ያመጣላት ምን መሰላችሁ፣ ሴፍቲኔት የለም፣ ምግብ ለሚያጥረው ቤተሰብ በጉልበት ስራ ልዋጭ እህል ወይም ብር የሚሰጠው የመንግስት ፕሮግራም ማለቴ ነው። ሴፍቲኔት ባለበት ወረዳ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት አፈር ከመዛቅ ድንጋይ ከመሸከም ነጻ ትሆንና ክፍያዋን ቁጭ ብላ ታገኛለች፣ ፕሮግራሙ ከ1997 ጀምሮ ያለ ነው። የጎጃም አብዛኛው ወረዳ ግን አይገባበትም። የመንግስት ሰራተኛ ብትሆን እንኳ ህጉ የወሊድ ፈቃድ ይሰጣት ነበር፣ የግል ድርጅት ሰራተኛም ብትሆን በአዋጅ 1156/2011 መሰረት ከመውለዷ በፊት 30 ቀን ከወለደች በኋላ 90 ቀን በክፍያ ታርፋለች። የገበሬ ሚስት ግን ፈቃዷን የምትጠይቀው አማቷን ነው። ስለዚህ ያላት ነገር ጤና ጣቢያው ብቻ ነው፣ እኔም የምገመግመው እሱኑ ነው።

ገንፎው

ከጥሩው ልጀምር። ጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ አለው፣ ቤቷ ሩቅ የሆነች ነፍሰ ጡር ቀኗ ሲቃረብ መጥታ ትተኛለች። እህል የሚያዋጣው ህዝቡ ነው፣ አንዱ ገብስ አንዱ አተር አንዱ ሽሮ። ወልዳ ስትነሳ ገንፎ ይገነፋል፣ ቡና ይፈላል፣ ማርያም ማርያም እየተባለ ይበላል። አንዳንድ የተማረ ሰው ሲሰማ ይስቃል፣ ጤና ጣቢያ ነው ወይስ ሰርግ ቤት ብሎ። እኔ ግን ከሁሉም ነገር ይሄን ነው የወደድኩት። እናቶቻችን ጤና ጣቢያ መውለድ ይፈሩ የነበረው አንዱ ምክንያት እኮ ገንፎው ይቀርብናል፣ ባዳ መሀል ብርድ ይመታናል ብለው ነው። አሁን ገንፎው እዛው አለ። ሚድዋይፏም ገንፎውን እያማሰለች "እንገሩን እንዳትጥይው፣ ህጻኑን ቅቤ እንዳታልሱት" ትላለች፣ ምክሩ ከገንፎው ጋር አብሮ ይዋጣል። ቅቤው ትንሽ ነበር፣ ነሐሴ ነው ምን ይደረግ።

የክንዷ ሜትር

ከዛ ወደ ዋናው ነገር። የምግብ እርዳታውን ለማግኘት ክንድ ይለካል። ነፍሰ ጡር ወይም ልጇ ገና 6 ወር ያልሞላው እናት የክንዷ ዙሪያ ከ23 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ትመዘገባለች፣ 23 ከሞላ "አይዞሽ ደህና ነሽ" ተብላ ትሸኛለች። በቃ ይሄው ነው። ስለ ጎተራዋ የሚጠይቃት የለም፣ ባሏ ቀን ስራ ፍለጋ መተማ ሄዶ ከሆነ የሚጠይቃት የለም። እህቴ 22 ከምናምን ሆና ገባች። ጎረቤቷ፣ ያን ሳምንት የወለደች፣ ባሏ የሞተባት፣ 23 ከትንሽ ሆና ቀረች። በትልቅ አጥንቷ ምክንያት እኮ ነው እናንተዬ! ነርሷ ራሷ አፍራ ሁለት ጊዜ ለካቻት፣ ሜትሯን ትንሽ ጠበቅ አድርጋ ሁሉ ሞከረች፣ አልሆነም፣ መዝገቡ መዝገብ ነው። እኔ ልኬቱን አልቃወምም፣ ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ቦታው ድረስ ሚዛን ተሸክሞ ከመውጣት ይሻላል፣ ግን ክንድ የሚናገረው የትናንቱን ርሀብ ነው እንጂ የመስከረሙን አይደለም። እቺ ሴት መስከረም ላይ ስትመለስ 23ቱ እንደማይኖር ሁላችንም እናውቅ ነበር፣ እስክትከሳ ጠብቀን ነው የምንሰጣት ማለት ነው።

ሌላው 6 ወሩ ነው። ልጁ 6 ወር ሲሞላው እናቲቱ ከመዝገብ ትወጣለች፣ ከዛ በኋላ ህጻኑ ራሱ ክንዱ ይለካል፣ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች ካልወረደ አይገባም። እንግዲህ ተጨማሪ ምግብ የሚጀምርበት፣ ቤቱ ተጨማሪ ነገር የሚፈልግበት ወር ላይ ሁለቱም ውጭ ናቸው። ይሄን ያወጣው ሰው ልጅ አሳድጎ ያውቃል?

ዱቄቱ

የሚሰጠው ዱቄት የበቆሎና የአኩሪ አተር ነው፣ ቫይታሚንና ማዕድን የተጨመረበት፣ ሰው ሁሉ በደፈናው ፋፋ ይለዋል፣ አንዳንዱ ፋሚክስ። ከዘይት ጋር ነው የሚታደለው፣ ዘይቱ ግን የሚመጣበትም ጊዜ አለ የሚቀርበትም። ጣዕሙ? ደህና ነው። በቀጭኑ ሙቅ አድርጋችሁ ከሰራችሁት ልጅ ይወደዋል፣ ለአራስ ግን ወፍራም አድርጋችሁ ገንፎ ብታደርጉት፣ መሀሉን ጎድጎድ አድርጋችሁ ዘይት በበርበሬ ብታፈሱበት፣ የገብሱን ያህል ባይሆንም ይበላል። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡት፣ ዝም ብላችሁ የፈላ ላይ ከጨመራችሁት ይጓጉላል። አኩሪ አተሩ ትንሽ ይሸታል፣ ጤና አዳም ጣል አድርጉበት። ስኳር ከገዛችሁማ ጥሩ፣ ግን ስኳር መግዛት የሚችል ሰው እዛ ሰልፍ ላይ አይገኝም።

አሁን ዋናው ጉዳይ፦ ዱቄቱ ለአንድ ሰው ተብሎ ተሰልቶ ነው የሚሰጠው። የምታጠባ ሴት በቀን ወደ 500 ኪሎ ካሎሪ ተጨማሪ ያስፈልጋታል፣ በኛ አባባል ከወትሮዋ ሁለት ጊዜ ጨምራ መብላት አለባት፣ ነፍሰ ጡር ስትሆን አንድ ጊዜ። ዱቄቱ ይሄን እንዲሞላ ነው የታሰበው። እሺ፣ እህቴ ቤት ሌሎች ሁለት ልጆች አሉ፣ አማት አሉ፣ ባል አለ፣ የባል ታናሽ ወንድም አለ። ገንፎ ተገንፍቶ ሽታው ሲነሳ እናት ጥግ ይዛ ለብቻዋ ትብላ? የትኛዋ የጎጃም ሴት ናት ልጇ አይኗን እያየ የምትውጠው? የወሩ ዱቄት ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል። ጤና ጣቢያ ስትመለስ ደግሞ ክብደት አልጨመርሽም ተብላ ትቆጣለች፣ "ለሰው እየሰጠሽ ነው አይደል" እየተባለች፣ እንደ ሌባ። ለልጆቼ አበላሁ ማለት ጥፋት ሆኖ! እኔ አንድ ቀን አብሬያት ነበርኩና ዝም ማለት አልቻልኩም፣ "ታዲያ ለልጆቹም ጨምሩላታ" አልኩ፣ የሚያድለው ልጅ ሳቀ፣ ክፉ ሳቅ አይደለም፣ እሱም እያወቀው ነው።

ፕላምፒ ነት የምትባለው የለውዝ ቅባት ደግሞ በጣም ለተጎዱ ህጻናት ናት፣ አንዷ ፓኬት 92 ግራም ናት 500 ኪሎ ካሎሪ ትሰጣለች፣ ለእናት አይደለችም፣ ስለዚህ ስጡኝ ብላችሁ አትከራከሩ። ገበያ ላይ ስትሸጥ ካያችሁ ግን አትግዙ፣ ከአንድ የከሳ ልጅ አፍ ነው የወጣችው።

ምክሩ

ምክሩ ላይ ልናደድ ነው። የምግብ ሰርቶ ማሳያ የሚባል አለ፣ እናቶች ተሰብስበው እንዴት ተመጣጣኝ ምግብ እንደሚሰራ ያያሉ። ሀሳቡ ጥሩ ነው። ግን እኔ ባየሁት ቀን ጠረጴዛ ላይ የነበረው ካሮት፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ብርቱካን ነው፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ጮቄ ስር! ብርቱካን ከማርቆስ ነው የመጣው። እንቁላልማ ሁሉም ቤት አለ፣ ግን እንቁላል እዛ ምግብ ሳይሆን ገንዘብ ነው፣ ተሸጦ ጨው፣ ሳሙናና ጋዝ ይገዛል። "በቀን አንድ እንቁላል ብይ" ማለት "በቀን አንድ ጊዜ ሳሙና አትግዢ" ማለት ነው፣ ይሄን ሳይነጋገሩ ምክር ምን ይሰራል። ለምን ባቄላ በገብስ፣ ለምን አተር ክክ፣ ለምን ተልባ፣ ለምን ጓሮ ያለው ጎመን አይቀርብም? አንዷ እናት ከኋላዬ "እሱን እቃ ስንበላ ነው እንዴ ወፍራም የምንሆነው፣ ያለንን ንገሪን" ብላ ሁሉም ሳቀ፣ አስተማሪዋም ሳቀች ግን ካሮቱን መክተፏን ቀጠለች።

የደም ማነስ ኪኒኑ (የአይረኑ) ላይ አንድ ነገር ልጨምር ምክንያቱም ማንም አይነግራችሁም፦ ከቡናና ከሻይ ጋር አትዋጡት፣ ራቅ አድርጉት፣ ቡናው አይረኑን ወደ ሰውነት እንዳይገባ ይከለክለዋል። እኛ ጋ ደግሞ አራስ ቤት ቡና ሳይፈላ የሚውል ቀን የለም። ሆድ ቢያጓጉር ሰገራ ቢጠቁር ጤነኛ ነገር ነው፣ አትጣሉት፣ ማታ ከምግብ ጋር ሞክሩት። እህቴ ሙሉውን ሻንጣ ስር ደብቃ አገኘኋት፣ ያቅለሸልሸኛል ብላ። ሰጪው አካል ቆጥሮ ይሰጣል፣ መዋጡን የሚጠይቅ ግን እስካሁን አላየሁም።

የኤክስቴንሽኗ ልጅ

እቺን ልጅ ስሟን ብጠራ ደስ ባለኝ ግን ይቅር። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም 1995 ላይ ሲጀመር ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሴት ልጆች ተብሎ ነው፣ ጤና ኬላዋ ወደ 5 ሺህ ሰው ታገለግላለች ተብሎ ይታሰባል። ጮቄ ስር 5 ሺህ ሰው ማለት ስንት ገደል ስንት ወንዝ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። ልጅቷ በጭቃ በላስቲክ ጫማ እየመጣች ነበር።

የመጣችው ፍልሰታ ላይ ነው። እህቴ አራስ ናት፣ አትጾምም፣ ይሄን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም ጹሚ አላላትም። ግን ቤቱ ጾም ነው። ድስቱ የጾም ድስት ነው፣ ምጣዱ የጾም ነው፣ ወተት የነካው እቃ እንዳይቀላቀል አማቷ ጠንቃቃ ናቸው፣ ስለዚህ አራሷ ተፈቅዶላት ግን የሚሰራላት የለም፣ እሷም ተነስታ አትሰራ፣ የደረቀ እንጀራ በሽሮ እየበላች ልጅ ታጠባለች። ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም እኮ! ይሄን ነገር የትኛውም መመሪያ ላይ አታገኙትም።

ልጅቷ መጥታ እህቴን አላናገረችም መጀመሪያ። አማቷ ዘንድ ቁጭ አለች፣ የሰጧትን ቆሎ ቆረጠመች፣ ስለ ዝናቡ ስለ ጥጃው አወራች፣ ከዛ "እማማ፣ እርስዎ አራስ ሆነው ማን ነበር የሚያበላዎት?" አለች። ሴትዮዋ ተጀመሩ፣ እናቴ እንዲህ አድርጋልኝ፣ አጥሚት በማር፣ የአብሽ ውሃ፣ ሰባት እጥፍ ነጠላ ምናምን፣ እያሉ እያሉ አይናቸው እምባ ሞላ። "እንግዲህ እቺ እናቷ የሉም፣ እርስዎ ነዎት ያሉት" አለቻቸው። በቃ። ከዛ ድስቱን ነገር ራሳቸው አነሱት፣ እሷም "መምሬን እንጠይቃቸዋ" አለች። የንስሐ አባታቸው ማታውኑ መጡና "ለአራሷ ለብቻው ድስት ይጣድ፣ እሷ ጋ ጾም የለም፣ እንዲያውም ሳትበላ ብታጠባ እናንተ ናችሁ የምትጠየቁት" ብለው ሄዱ። በማግስቱ አማትየው ራሳቸው ትንሿን ድስት ለይተው ጣዷት። ባልየውን ደግሞ ለብቻው ጠርታ ምን እንዳለችው አላውቅም፣ እንቁላል መሸጡን ግን ለጊዜው አቆመ።

ዱቄቱ ያላመጣውን ለውጥ ያመጣችው እቺ ናት፣ ምንም ሳትሰጥ። ደሞዟን ብሰማ አለቀስኩ፣ ልጽፈውም አልፈልግም።

ስቶክ

አሁን የማያስደስተው። ዱቄቱ "ነገ ይመጣል" የሚባልበት ጊዜ ብዙ ነው። አንዳንዴ መንገድ ተዘግቶ ነው፣ ያለንበትን የሰላም ሁኔታ ታውቁታላችሁ፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ሳምንታት ያልፋሉ። አንዳንዴ ከላይ ራሱ የለም። ሚያዝያ 2017 ላይ የዓለም ምግብ ፕሮግራም ገንዘብ ስላጠረኝ ኢትዮጵያ ውስጥ የ650 ሺህ እናቶችና ህጻናት የምግብ እጥረት ህክምና ሊቆም ነው ብሎ አስታውቆ ነበር፣ ዜና ሆኖ ሲያልፍ ሰማን፣ ሄዳችሁ ባዶ ጆንያ ስታዩ ግን ዜና አይደለም። ያናደደኝ የዱቄቱ መጥፋት ብቻ አይደለም፣ አለመናገራቸው ነው። ጀርባዋ ላይ ህጻን አዝላ ግማሽ ቀን የተጓዘች አራስ በር ላይ "የለም" ትባላለች፣ ለኤክስቴንሽኗ አንድ ስልክ ቢደወልላት እኮ ለሁሉም ትነግራቸው ነበር። ይሄ ገንዘብ አይጠይቅም። እዚህ ላይ ነው አንድ ኮከብ የቆረጥኩት፣ ሌላውን ለ23ቱ ሴንቲ ሜትር።

ለምትሄዱ

የእርግዝና ክትትል ካርዷን አትጣሉት፣ እሱ ከሌለ መዝገብ ፍለጋ ትውላላችሁ። ክንዷ 23 ሞልቶ ከተመለሰች በወሩ መልሳችሁ ውሰዷት፣ ሁለተኛ መለካት መብቷ ነው፣ ማንም አይከለክላትም። ከተቻለ አማቷን ይዛችሁ ሂዱ፣ ቢያንስ ዱቄቱ ለማን እንደተሰጠ በጆሯቸው ይስሙ። ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት አዳዩ ስብሰባ አይጠፋበትም። ለጎረቤቷ ደግሞ እኔ እስክመለስ እህቴ ከራሷ እያካፈለች ነው፣ ይሄን ለጤና ጣቢያው እንዳትነግሩብኝ። ዱቄቱን ተቀብላችሁ ስትመለሱ ክዳን ያለው ባልዲ ወይም ጀሪካን ውስጥ ገልብጡት፣ ጆንያው ላይ ከተዋችሁት በዚያ ርጥበት ይሻግታል፣ የሻገተውን ደግሞ ወንፊት ላይ አራግፋችሁ አትስጧት፣ ለዶሮም አይሆንም፣ ጣሉት።